ወደብ በካርታ ብቻ አይመረጥም፦ የኤደን ባሕረ ሰላጤና የዳርቻው ከተሞች

ስለ ባሕር በር ክርክር ሲነሳ ቀድሞ የሚወጣው ኪሎ ሜትር ነው። ጅቡቲ ይህን ያህል ትርቃለች፣ በርበራ ይህን ያህል፣ ዘይላ ደግሞ ትቀርባለች ይባላል፤ ጣትም በካርታው ላይ ይንሸራተታል። ካርታው ግን ነፋሱ በየትኛው ወር ከየት እንደሚነሳ፣ ከዳርቻው ትንሽ ገባ ሲሉ ውኃው ስንት ሜትር እንደሚጠልቅ፣ ከወደቡ ወደ ደጋው የሚወጣው መንገድ ምን ያህል ዳገት እንዳለው፣ ለከተማው የሚጠጣ ውኃ ከየት እንደሚመጣ አይናገርም። የኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳር ያሉትን ከተሞች ያሳደጓቸውም ያከሰሟቸውም በአብዛኛው ካርታው ዝም የሚላቸው ነገሮች ናቸው።

ዘይላን እንውሰድ። የሐረር ሲራራ ነጋዴ ለዘመናት ግመሉን እየነዳ የወረደባት፣ የአረብና የሕንድ ጀልባ የሚመላለስባት ወደብ ነበረች። የሸራ ጀልባ በጥቂት ውኃ ላይ ይንሳፈፋልና የዳርቻዋ ውኃ ጥልቀት የሌለው መሆኑ በዚያ ዘመን ማንንም አላስቸገረም። የእንፋሎት መርከብ ሲመጣ ግን ርቆ መልሕቅ እየጣለ ዕቃውን በጀልባ ማመላለስ ግድ ሆነበት። በ1897 ሥራው የተጀመረው የጅቡቲ ሐዲድ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ሲደርስ የሐረር ንግድ ፊቱን ወደዚያ አዞረ። ዘይላ እስከ ዛሬ በቦታዋ አለች፤ ርቀቷም አልተቀየረም። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ገና እየሰፋ ያለ ባሕር

ባሕረ ሰላጤው በምዕራብ ወደ ቀይ ባሕር ከሚያስገባው ጠባብ በር፣ ከባብ ኤል መንደብ፣ ይጀምራል። በምሥራቅ የሚያበቃው፣ በዓለም አቀፉ የሃይድሮግራፊ ድርጅት አከላለል መሠረት፣ በአፍሪካ ቀንድ ጫፍ ባለው በገርደፉይ አፍንጫ በኩል በሚያልፈው 51 ዲግሪ ከ16 ደቂቃ ኬንትሮስ ላይ ነው። ደቡቡን ጅቡቲ፣ ሶማሊላንድና ፑንትላንድ፣ ሰሜኑን የመን ይዘውታል። ቅርጹ እንደ ቀንድ ነው፤ በምሥራቅ ሰፍቶ ወደ ምዕራብ እየጠበበ ይሄድና ጫፉ በታጁራ በኩል ወደ አፋር ምድር ይገባል።

ይህ ቅርጽ የመጣው የአረቢያ ምድር ከአፍሪካ ተገንጥሎ ወደ ሰሜን ምሥራቅ እየሸሸ ስለሆነ ነው። መሰንጠቁ የተጀመረው ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ሲሆን፣ እውነተኛ የውቅያኖስ ወለል መፈጠር የጀመረው ከምሥራቅ በኩል ነው፤ ስንጥቁ ከዚያ ወደ ምዕራብ እየተራመደ መጣ። ዛሬም ሁለቱ ዳርቻዎች በዓመት ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ይራራቃሉ። የስንጥቁ ምዕራባዊ ጫፍ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ተነስቶ ጉቤት በሚባለው የባሕር ወሽመጥ በኩል የብስ ላይ ይወጣል። እዚያ ያለው የአሳል ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ዝቅ ያለ፣ በአፍሪካ ዝቅተኛው ስፍራ ነው። በሐይቁና በጉቤት መካከል በኖቬምበር 1978 አርዱኮባ እሳተ ገሞራ ፈንድቷል። በሴፕቴምበር 2005 ደግሞ በአፋር ክልል ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ምድር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተከፍቷል።

ይህ የጂኦሎጂ ወግ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለወደብ ጉዳይ ባላስፈለገ ነበር። ስንጥቁ ግን ለዳርቻው ሁለት ነገር አውርሶታል፦ በብዙ ቦታ ለመሬት የቀረበ ጥልቅ ውኃና ከጀርባ የቆመ ግድግዳ። ከባሕሩ ጠርዝ ጠባብ፣ ጠፍና ሞቃት ሜዳ ይከተላል፤ ከሜዳው በኋላ መሬቱ በአንዴ ይነሳል። በበርበራ በኩል የጎሊስ ተራሮች፣ በኤደን በኩል የየመን ደጋ፣ በጅቡቲ በኩል የአፋር ቆላና የሐረርጌ ዳገት አሉ። ስለዚህ በዚህ ባሕር ዳር ከባሕሩ ይልቅ የየብሱ ክፍል የሚከብድበት ወደብ ይበዛል። የኢትዮጵያ ገቢ ጭነት ከወጪው እጅግ ይበልጣል፤ ማዳበሪያው፣ ነዳጁ፣ ብረቱና ስንዴው ሽቅብ ይወጣል፣ ቁልቁል የሚመለሰው መኪና በአብዛኛው ባዶውን ነው። ክብደቱና ዳገቱ በአንድ አቅጣጫ ሆኑ ማለት ነው። ነዳጅ የሚበላው፣ ፍሬንና ጎማ የሚጨርሰው፣ የባቡሩንም ጉልበት የሚፈትነው ይህ ነው። ከደጋ ማዕድን ቆፍሮ ወደ ባሕር የሚያወርድ አገር ዕድሉ ተቃራኒ ነው፤ ጭነቱን ቁልቁለቱ ያግዘዋል።

ነፋሱ የሚያወጣው የቀን መቁጠሪያ

ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ይነሳል፤ ባሕረ ሰላጤው ውስጥ ሲገባ በሁለቱ ዳርቻዎች ተጨምቆ በቀጥታ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ባብ ኤል መንደብ ይነፍሳል። ከሰኔ እስከ መስከረም መግቢያ ደግሞ ይገለበጣል፤ ሞንሱን የሚባለው ወቅታዊ የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ደጋውን አቋርጦ ወደ ቆላው ሲወርድ እርጥበቱን ጥሎ ደረቅና ትኩስ ይሆናል። በርበራ ላይ ካሪፍ ይሉታል፤ አሸዋ ያስነሳል፣ ሌሊት ይበረታል። ጅቡቲ ላይ በእነዚሁ ወራት የሚነፍሰው ትኩስ ነፋስ ካምሲን ይባላል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ወደብ ላይ ያለ ሰው የሥራ ሰዓቱን ወደ ሌሊት ይገፋል። ከጅቡቲው የዶራሌ ወደብ የተነሳ ከመጠን በላይ የጫነ መኪና በሰመራ በኩል ባለው ትኩስ አስፋልት ላይ ሲሮጥ የጎማው የአየር ግፊት ይጨምራል፤ ያረጀ ጎማ በዚህ መስመር ቶሎ የሚፈነዳው ለዚህ ነው።

የበርበራ የጥንት ገበያ የተመሠረተው በዚህ ነፋስ ላይ ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ብዙ ሺህ ሰው የሚሰፍርባት የገበያ ከተማ ትሆናለች፤ ጀልባዎቹ ከሕንድና ከአረቢያ በሰሜን ምሥራቁ ነፋስ ይመጣሉ፣ ሲራራውም ከኦጋዴንና ከሐረር ይወርዳል። የበጋው ነፋስ ሲያበቃ ጀልባው ይመለሳል፣ ድንኳኑ ይፈርሳል፣ ከተማዋ ባዶ ትቀራለች። ዛሬም ቢሆን አቅም ያለው የበርበራ ሰው በሐምሌና በነሐሴ ወደ ሼኽና ወደ ሐርጌሳ ከፍታ ይወጣል።

በሁለቱ ነፋሳት መካከል ባሕሩ ጸጥ ይላል፤ ጸጥታው ግን አይታመንም። አውሎ ነፋስ የሚገባው በእነዚህ የሽግግር ወራት ነው። በሜይ 2018 ሳጋር የተባለው አውሎ ነፋስ ባሕረ ሰላጤውን እስከ ምዕራብ ጫፉ ድረስ ተጉዞ ሶማሊላንድ ላይ አረፈ፤ በሰሜን ሕንድ ውቅያኖስ ታሪክ ይህን ያህል ወደ ምዕራብ ዘልቆ የብስ የመታ አውሎ ነፋስ አልተመዘገበም። ከዚያ በፊት በኖቬምበር 2015 ቻፓላ የተባለው አውሎ ነፋስ የየመኗን የሙከላ ከተማ አካባቢ መትቷል። በኖቬምበር 2019 ደግሞ ጅቡቲ ላይ በአንድ ቀን የሁለት ዓመት የሚያህል ዝናብ ወርዶ ከተማዋን አጥለቀለቃት። በዓመት ከ150 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ዝናብ በሚያገኝ አገር ድልድይና ፉካ ለጎርፍ ታስቦ አይሠራም፤ ደረቁ ወንዝ ሲሞላ መጀመሪያ የሚበጠሰው መንገዱ ነው።

ጅቡቲ፦ ውኃ ከባሕሩ ጥልቅ፣ ከመሬቱ ጥቂት

የጅቡቲ ከተማ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ መግቢያ በስተ ደቡብ፣ በኮራል ድንጋይ ልሳነ ምድር ላይ የተቀመጠች ናት። አቀማመጧ ከትልቁ ባሕር ማዕበል ይጋርዳታል። የድሮው ወደብ ግን በከተማዋ ተከብቦ ማስፊያ አጣ፤ ውኃውም ለትልልቅ ኮንቴነር ጫኞች አይበቃም ነበር። ስለዚህ ሥራው ቀስ በቀስ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዶራሌ ተዛወረ፦ መጀመሪያ የነዳጅ ተርሚናሉ፣ በ2009 የኮንቴነር ተርሚናሉ፣ በ2017 ሁለገቡ ወደብ። የኮንቴነር ተርሚናሉ የመርከብ መጠጊያ 1,050 ሜትር ርዝመትና 18 ሜትር ጥልቀት አለው። በዚህ ጥልቀት በዓለም ላይ ከሚንቀሳቀሱት ትልልቅ ኮንቴነር መርከቦች አብዛኞቹ ያለ ሐሳብ ይጠጋሉ።

ጅቡቲ የምትጨነቀው ስለ መጠጥ ውኃና ስለ መብራት ነው። ወንዝ የላትም፤ የከተማዋ ጉድጓዶች በብዛት ሲቀዱ የባሕር ውኃ ወደ ውስጥ እየሰረገ ይጨዋሉ። በ2017 ከሶማሌ ክልል ሐዳጋላ የተዘረጋው የቧንቧ መስመር በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ውኃ እንዲያደርስ ተብሎ የተሠራ ነው። በ2021 ዶራሌ ላይ በቀን 22,500 ሜትር ኩብ የሚያጣራ የባሕር ውኃ ማጣሪያ ተመረቀ። የኤሌክትሪክ ኃይል ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያ በከፍተኛ መስመር ይገባል። «ኢትዮጵያ የጅቡቲ ጥገኛ ናት» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ክሬኑን የሚያንቀሳቅሰው ኃይልም፣ ሠራተኛው የሚጠጣው ውኃም በከፊል ከዚያው ከደንበኛው ይመጣል።

ከወደቡ ወደ ውስጥ የሚወጣው ጭነት ሦስት መስመር አለው። አንደኛው በጋላፊና በሰመራ፣ ሁለተኛው በደወሌና በድሬዳዋ የሚያልፈው የመኪና መንገድ ነው። ሦስተኛው ባቡሩ ነው፤ ከጅቡቲ እስከ ሰበታ 752 ኪሎ ሜትር፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ መደበኛ የንግድ አገልግሎቱን በጃንዋሪ 2018 የጀመረ። ድርብ ሐዲድ ያለው ከሰበታ እስከ አዳማ ብቻ ነው፤ ከአዳማ ወዲያ አንድ ሐዲድ ነውና አንድ ባቡር ሲቆም ከኋላውም ከፊቱም ያለው በየጣቢያው ይጠብቃል። ባቡር የሚያስቆሙ ምክንያቶች ደግሞ አይጠፉም፦ የኃይል መቆራረጥ፣ የሐዲድ ዕቃ ስርቆት፣ መስመሩን የሚያቋርጥ ግመልና ከብት። የተገጨ ግመል ካሳ ይጠየቅበታል፤ ካሳው እስኪያልቅ መስመሩ ሊዘጋ ይችላል።

ለአስመጪው የገንዘብ ልዩነቱ የሚመጣው በየትኛው ሥርዓት እንዳስጫነ ነው። በመልቲሞዳል ከሆነ በአንድ ቢል ኦፍ ሌዲንግ (የባሕር ጭነት ሰነድ) ኮንቴነሩ ሞጆ ወይም ሌላ ደረቅ ወደብ ድረስ ይመጣል፤ ጉምሩኩም እዚያው ያልቃል። በዩኒሞዳል ከሆነ ጅቡቲ ላይ ትራንዚተር ቆሞ ያስለቅቃል፣ መኪናም አስመጪው ራሱ ይፈልጋል። በሁለቱም መንገድ ኮንቴነሩ የመርከብ ድርጅቱ ንብረት ስለሆነ ባዶው እስኪመለስ ድረስ ቀን ይቆጠራል። ከነጻው ቀን በኋላ ዲሜሬጅ የሚባለው የመዘግየት ክፍያ በዶላር ይከፈላል፤ የወደቡ የማስቀመጫ ኪራይ ደግሞ ለብቻው ነው። ቡናና ቅባት እህል የሚያወጣ ላኪ ባዶ ኮንቴነሮችን ሞልቶ ይመልሳል፤ ቁጥሩ ግን ከሚገባው ጋር አይመጣጠንም። ከወደቡ እስከ ሞጆ ያለው ዋጋ ውስጥ የባዶ ኮንቴነር መልስ ጉዞም ተጨምሯል፤ ብዙ ሰው ይህን የሚያስተውለው ሒሳቡ ሲመጣ ነው።

ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ማዶ፣ በሰሜኑ ዳርቻ፣ በ2017 የተከፈተ ሌላ ወደብ አለ፤ ታጁራ። ዋና ዓላማው የደናክልን ፖታሽ ማውጣት ነበር። ውኃውም፣ መጠጊያውም፣ በባልሆ በኩል ወደ ኢትዮጵያ የሚወስደው አስፋልትም አሉ። በገፍ ይወጣል የተባለው ፖታሽ ግን አልመጣም።

በርበራ፦ አሸዋው የሠራው ወደብ

በርበራን ወደብ ያደረጋት ከዳርቻው ተነስቶ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ የአሸዋ ክንድ ነው። ክንዱ ከሰሜንና ከምሥራቅ የሚመጣውን ማዕበል ያግዳል፤ በዚህ ረጅም፣ ቀጥ ያለና መሸሸጊያ የሌለው የሶማሌ ዳርቻ ላይ ይህን የመሰለ የተፈጥሮ መጠለያ ብርቅ ነው። የዱባዩ የወደብ ኩባንያ ዲፒ ወርልድ በ2016 የ30 ዓመት ውል ተዋዋለ፤ የኢንቨስትመንቱ መጠን 442 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በ2021 የተመረቀው የመጀመሪያው ምዕራፍ 400 ሜትር መጠጊያ፣ 17 ሜትር ጥልቀት፣ ሦስት ትልልቅ የመርከብ ክሬኖችና በዓመት 500,000 ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር የማስተናገድ አቅም አለው።

በርቀት በርበራና ጅቡቲ ለአዲስ አበባ ብዙም አይለያዩም፤ ሁለቱም ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይጠጋሉ። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ከበርበራ እስከ ቶጎ ውጫሌ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ በአቡ ዳቢ ገንዘብ ታድሷል። ከዚያ ወዲህ ጭነቱ በጅግጅጋ አድርጎ የሐረርጌን ተራራ በጠመዝማዛ መንገድ ማለፍ አለበት። ባቡር የለም። ስለዚህ በርበራ ለጅግጅጋ፣ ለሐረርና ለድሬዳዋ ገበያ የምታዋጣውን ያህል ለመሐል አገር አታዋጣም። በእኛ ግምት ውይይቱ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ በርበራ የጅቡቲ ምትክ ተደርጋ ስትታይ ታንሳለች፣ የምሥራቁ ክፍል ወደብ ተደርጋ ስትታይ ግን ሚዛን ትደፋለች። በ2018 ኢትዮጵያ 19 በመቶ ድርሻ እንድትይዝ ተስማምታ ነበር፤ የሚጠበቅባትን ሳታሟላ ቀርታ በ2022 ድርሻው እንደቀረ ተነገረ። በጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ከሶማሊላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ከሞቃዲሾ ጋር ያስነሳው ውዝግብም በዲሴምበር 2024 በቱርክ አሸማጋይነት በወጣው የአንካራ መግለጫ ረገብ ብሏል።

በርበራ ዕቃ ከማስገባት ይልቅ ከብት በማስወጣት ትታወቃለች። ከሐጅ በፊት ባሉት ሳምንታት በግና ፍየል በመቶ ሺዎች ወደ ሳዑዲ ይጫናል። አብዛኛው ከብት ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል የሚነዳ ነው። አደጋው ደግሞ ገዢው አንድ መሆኑ ነው፤ ሳዑዲ በ2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳትን ምክንያት አድርጋ በሯን ስትዘጋ እገዳው እስከ 2009 ቆየ፤ የወደቡ ገቢ ወደቀ፣ አርብቶ አደሩም እንስሳውን በፑንትላንዷ ቦሳሶና በጅቡቲ በኩል ለመሸጥ ዞረ። ከዚያ በኋላ ነው በየወደቡ የእንስሳት ማቆያና የምርመራ ጣቢያ የተስፋፋው።

ኤደን፦ ምርጡ ቦታ፣ መጥፎው ዕድል

ተፈጥሮን ብቻ ቢያዩ የባሕረ ሰላጤው ምርጥ ወደብ ኤደን ናት። ሁለት የጠፉ እሳተ ገሞራዎች፣ አንዱ ኤደን ሌላው ትንሿ ኤደን የሚባሉት፣ እንደ ሸርጣን መቆንጠጫ ባሕሩን አቅፈው መሐላቸው ሰፊና የተጋረደ ወደብ ሠርተዋል። የድሮው ከተማ ክሬተር ስሙ እንደሚለው በእሳተ ገሞራው አፍ ውስጥ ነው፤ የጥንቶቹ የጣዊላ የውኃ ገንዳዎች ከገደሉ የሚወርደውን ብርቅ ጎርፍ ለማጠራቀም የተጠረቡ ናቸው። እንግሊዝ በ1839 ያዘቻት፤ የከሰል ማከማቻ አደረገቻት። ሱዌዝ በ1869 ሲከፈት የዓለም መርከብ በደጇ ማለፍ ጀመረ፤ በ1950ዎቹ ነዳጅ በመሙላት በዓለም ከተጨናነቁት ወደቦች አንዷ ነበረች።

ከዚያ ውድቀቱ ተከታተለ። ሱዌዝ ከ1967 እስከ 1975 ተዘጋ፤ እንግሊዝም በዚያው በ1967 ወጣች። በ1999 አዲስ የኮንቴነር ተርሚናል ተከፍቶ ተስፋ ሲታይ በኦክቶበር 2000 ወደቡ ውስጥ ቆሞ የነበረው ኮል የተባለ የአሜሪካ የጦር መርከብ ተመታ። በኦክቶበር 2002 ደግሞ ከሙከላ ምሥራቅ ሊምበርግ የተባለ የነዳጅ መርከብ በፈንጂ ጀልባ ተመታ። የመድን ድርጅቶች አረቦኑን ሰቀሉት፤ የኮንቴነር መስመሮችም ወደ ኦማኗ ሰላላና ወደ ጅቡቲ ዞሩ። ተርሚናሉ አልፈረሰም፣ ክሬኑም አልጎደለም፤ መርከቡ ግን ቀረ። በ2015 የተጀመረው ጦርነት የቀረውን ጨረሰው።

ከሙከላ በስተ ምዕራብ ያለችው ባልሃፍ የጋዝ ወደብ ናት። የባልሃፍ የፈሳሽ ጋዝ ፋብሪካ በ2009 ሥራ ጀምሮ በ2015 ቆሟል። ከባሕሩ ማዶ፣ በሶማሌው ዳርቻ፣ ቦሳሶ በጉሙሩክ፣ በከብትና በዓሣ የምትኖር የፑንትላንድ ወደብ ናት። ቀዝቃዛና በንጥረ ምግብ የበለጸገ ውኃ ከጥልቁ ወደ ላይ ስለሚወጣ ሰርዲንና ቱና ይበዛል፤ ላስ ቆራይና ሃቦ ላይ ዓሣ የሚታሸግባቸው ፋብሪካዎች የተተከሉትም ለዚህ ነው።

በሩ ሲጠብ

ባብ ኤል መንደብ በጠባቡ ቦታ 29 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የፔሪም ደሴት፣ ማዩን የሚሏት፣ ለሁለት ትከፍለዋለች፦ በየመን በኩል 3 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋና 30 ሜትር የሚጠልቅ፣ በአፍሪካ በኩል 25 ኪሎ ሜትር የሚሰፋና 310 ሜትር የሚጠልቅ። ትልልቅ መርከቦች የሚያልፉት በምዕራቡ ነው።

የሶማሌ የባሕር ዘራፊዎች በበረቱበት ጊዜ፣ በ2009፣ ባሕረ ሰላጤው ውስጥ ለንግድ መርከብ የሚመከር መተላለፊያ ተሠመረ፤ ርዝመቱ 490 የባሕር ማይል፣ ለመሄጃና ለመመለሻ የተለያዩ ባለ 5 ማይል መስመሮች፣ በመሐላቸው 2 ማይል ክፍተት። መርከቦች በፍጥነታቸው ተመድበው፣ አዝጋሚው ቀድሞ ፈጣኑ ዘግይቶ ይገባል፤ በአደገኛው ስፍራ ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲገናኙና የጦር መርከብ ሊጠብቃቸው እንዲችል። የክረምቱ የደቡብ ምዕራብ ሞንሱን ከገርደፉይ ውጭ ያለውን ውቅያኖስ ለትንሽ ጀልባ የማይቻል ሲያደርገው ባሕረ ሰላጤው ግን በቀንዱ ስለሚጋረድ ዘረፋው እዚህ ሙሉ በሙሉ አይቆምም ነበር።

ከኖቬምበር 19 ቀን 2023፣ ጋላክሲ ሊደር የተባለች የጭነት መርከብ በየመን ሁቲዎች ከተጠለፈች በኋላ ግን ጉዳዩ ከገመድና መሰላል ወደ ሚሳይል ተሸጋገረ። በማርች 2024 ትሩ ኮንፊደንስ የተባለች የጭነት መርከብ ባሕረ ሰላጤው ውስጥ ተመትታ ሦስት መርከበኞች ሞቱ። በሱዌዝ ያለፉት መርከቦች በ2023 ከ26,000 በላይ ነበሩ፤ በ2024 ወደ 13,000 ወረዱ። የጦርነት ስጋት አረቦን ከመርከቡ ዋጋ ከሺህ አንድ በታች የነበረው ወደ መቶኛ አንድ ተጠጋ፦ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት መርከብ ለአንድ ጉዞ ከ100 ሺህ ዶላር በታች ይከፍል የነበረው ወደ አንድ ሚሊዮን ማለት ነው። የጥቃቱ ጉዳት በይነ መረብንም ነካ፤ በፌብሩዋሪ 2024 የተመታችው መርከብ ሩቢማር እየተንሳፈፈች የጎተተችው መልሕቅ ሦስት የባሕር ውስጥ ገመዶችን እንደበጠሰ ይታመናል።

ጅቡቲም በርበራም ከበሩ ውጭ፣ በሕንድ ውቅያኖስ በኩል ናቸው። ይህ በቂ ትኩረት አልተሰጠውም። ከቻይና፣ ከሕንድና ከፋርስ ባሕረ ሰላጤ የሚመጣ ዕቃና ነዳጅ ባብ ኤል መንደብን ሳያቋርጥ ይደርሳል። ታዲያ ዋጋው ለምን ጨመረ ቢሉ፣ ትልልቆቹ መርከቦች ጅቡቲን የሚጎበኙት ወደ ሱዌዝ በሚያልፉበት መንገድ ላይ ስለሆነች ነበር። መንገዱን ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲያዞሩት ጅቡቲ ከመንገድ ዳር ቤትነት ወደ ማዶ መንደርነት ተለወጠች፤ ኮንቴነሩ ሌላ ወደብ ይራገፍና በትንሽ መርከብ ይመጣል፣ ሁለት ጊዜ ይነሳል ሁለት ጊዜ ይወርዳል።

የሰው መሻገሪያ

በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሻገረው ሰው ነው። ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት የምሥራቅ መስመር በሚለው መንገድ ኢትዮጵያውያን ከጅቡቲዋ ኦቦክና ከቦሳሶ ወደ የመን ይጫናሉ። ከኦቦክ በኩል ማዶው ቅርብ ነው፤ ከቦሳሶ ግን ሙሉውን ባሕረ ሰላጤ ማቋረጥ ይጠይቃል፣ ጉዞው ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ የምሥራቁ ክፍል ነፋስ ስለሚበረታ የቦሳሶው መስመር ይቀዘቅዛል፣ ሕዝቡ ወደ ጅቡቲ በኩል ይገፋል። ጀልባ የሚገለብጡት ነገሮች ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ናቸው፦ ከአቅም በላይ መጫን፣ ማዕበል ሲመጣ ሰዉ ወደ አንድ ወገን ማድላቱ፣ ደላላው የጥበቃ ጀልባ ፈርቶ ከዳርቻው ርቆ ሰዉን ጥልቅ ውኃ ውስጥ ማራገፉ። በጁን 2024 ከቦሳሶ 260 ሰዎች ይዛ የወጣች ጀልባ በየመን ሸብዋ አቅራቢያ ሰጥማ ቢያንስ 49 ሰዎች ሞተዋል። በኦገስት 2025 ደግሞ በየመን አብየን ዳርቻ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑ ሰዎችን የያዘች ሌላ ጀልባ ሰጥማለች።

ማዳበሪያውና ሦስቱ ሳምንታት

የባሕሩ መልክ ወደ ማሳ የሚደርሰው በማዳበሪያ በኩል ነው። ዩሪያው ከምሥራቅ በኩል ሲጫን በሩን አያቋርጥም። ከሞሮኮ የሚጫነው የፎስፌት ማዳበሪያ ግን በሜዲትራኒያን፣ በሱዌዝና በባብ ኤል መንደብ ይመጣል፤ ርቀቱ ወደ 3,500 የባሕር ማይል ነው። መርከቡ አፍሪካን ዞሮ ከመጣ ወደ 9,000 ማይል ይጠጋል። ለእስያና አውሮፓ ንግድ ዙሩ ከ10 እስከ 14 ቀን ይጨምራል ሲባል የሚሰማው ቁጥር ለዚህ ጉዞ አይሠራም። ጅቡቲ ለበሩ ቅርብ በመሆኗ በቀጥታው መንገድ የምታተርፈው ትልቅ ነው፣ በዙሩ የምታጣውም እንዲሁ። የጅምላ ጭነት መርከብ በቀን 300 ማይል ያህል ይሄዳል፤ ስለዚህ ጭማሪው ወደ ሦስት ሳምንት ይጠጋል።

ከዚያ የወደቡ ተራ ይመጣል። ማዳበሪያ በገፍ ተጭኖ ይመጣና መጠጊያው ላይ በከረጢት እየተሞላ በመኪናና በባቡር ይጫናል። የእርዳታ ስንዴ መርከብ በዚያው ሳምንት ከደረሰ ሁለቱ ለአንድ መጠጊያና ለአንድ መኪና ይሻማሉ። መርከቡ ቆሞ በዋለ ቁጥር የመርከብ ኪራይ ይቆጠራል። በተከፈተ መጋዘን የቆየ ማዳበሪያም በባሕር ዳሩ እርጥበት ይረጋል፣ ከረጢቱ ድንጋይ ይሆናል። ለመኸር ለሚዘራ በቆሎና ጤፍ ማዳበሪያው ግንቦት ሳያልቅ ወረዳ መጋዘን መድረስ አለበት፤ ካምሲን ከመነሳቱና የወደቡ የቀን ሥራ ከመቀነሱም በፊት። በሩ እስካልታመነ ድረስ የሞሮኮው ጭነት ውል ከቀድሞው ልማድ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀድሞ መፈረም ይኖርበታል፤ የውጭ ምንዛሪውም እንዲሁ በሦስት ሳምንት ቀድሞ ባንክ ውስጥ መገኘት አለበት።